ከኖራው ኮረብታ እስከ ባሕሩ፦ ከእትዬ ሙሉ ጋር ማስን ተከትለን

ባሕር የሚገባ ወንዝ አይቼ አላውቅም ነበር። የመተሐራ ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ወንዝ አዋሽ ነው። አዋሽ ከደጋው ወርዶ፣ የሸንኮራውን እርሻ አጠጥቶ፣ አፋርን ያህል በረሃ አቋርጦ፣ ባሕሩ ጋ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ዩኒቨርሲቲ ስለ ውኃ ስማር፣ በኋላም ለሁለተኛ ዲግሪ ኔዘርላንድስ ስመጣ፣ የወንዝ መድረሻ ለእኔ ካርታ ላይ የተሰመረ ነገር ነበር። ስለዚህ ግንቦት መጨረሻ ላይ የመመረቂያ ጽሑፌን አስገብቼ አራት ቀን ባዶ ሲሆንልኝ የት እንደምሄድ ለመምረጥ አልተቸገርኩም። የማስን ወንዝ ከኖራ ድንጋዩ ኮረብታ ጀምሬ እስከ ባሕሩ ልከተለው ተነሣሁ።

ብቻዬን ልሄድ ነበር ያሰብኩት። እትዬ ሙሉ ግን ዕቃ ስሸክፍ አይተው «ሠላሳ ዓመት በሜትሮ ባቡር በሥሩ ስመላለስ ከየት እንደሚመጣ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። እኔም እሄዳለሁ» አሉ።

እትዬ ሙሉ ሮተርዳም፣ ከወንዙ በስተደቡብ ዙይድ በሚባለው ሰፈር፣ አሮጌ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እኔም ሁለት ዓመት በትንሿ ክፍላቸው አብሬያቸው ኖሬያለሁ። ከወንዙ ማዶ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው በቅርቡ ጡረታ ወጥተዋል። አንድ ልጃቸው ሳራ አምስተርዳም፣ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር ነው የምትኖረው። ከእሷ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ለአረጋውያን የተሠራ፣ ሊፍት ያለው ቤት አግኝታላቸዋለች። ቤቱን የሚያከራየው የቤቶች ማኅበር መልስ የሚጠብቀው እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ብቻ ነበር። እትዬ ሙሉ ግን እሺም እምቢም ሳይሉ አንድ ወር አለፋቸው። እሳቸው ከሄዱ የሮተርዳሙ ቤት ለአከራዩ ማኅበር ይመለሳል፤ እኔም ክፍሌን አጣለሁ። የክፍሉስ ይሁን፣ እሳቸውን ማጣቴ ነበር ያስጨነቀኝ። «አይሂዱብኝ» ለማለት ያለኝ ጊዜ ይህ ጉዞ ነው ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

ረቡዕ

ከሮተርዳም ጣቢያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ማስትሪኽት ተነሣን። እትዬ ሙሉ ድፎ ዳቦ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ፌስታል ቆሎና ሻይ በቴርሞስ ይዘዋል።

«ማስትሪኽት እኮ ሱቅ አለ» አልኳቸው።

«ሱቅማ አለ፤ መንገድ ላይ ግን ሰው አለ» አሉኝ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ባቡሩ ውስጥ ነው። የተቀመጥንበት ፉርጎ ጸጥታ የሚጠበቅበት ነበር፤ መስኮቱ ላይ ተጽፏል። እኔ አይቻለሁ፤ ነገር ግን ታላቅን «ዝም ይበሉ» ማለት አልሆነልኝም። እትዬ ሙሉ ድምፃቸውን ለቀው የጉልበታቸውን ነገር እያወሩኝ ነው። «ሐኪሙ ጋ ሦስት ጊዜ ሄድኩ፤ ሦስቴም ፓራሲታሞል!» ሲሉ ፊት ለፊታችን ያለችው ሴት ላፕቶፗን ዘግታ ጽሑፉን በጣቷ አሳየቻቸው። እትዬ ሙሉ አነበቡት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ምንም ሳይናገሩ የቆሎውን ፌስታል ዘረጉላት። ሴትዮዋ ግራ እንደገባት አንድ እፍኝ ወሰደች። ከዚያ በኋላ በዚያ ፉርጎ የተሰማው ድምፅ የእሷ የቆሎ ቅርጥምጥም ብቻ ነበር።

እስከ አይንድሆቨንና ከዚያም ወዲያ መሬቱ ልክ እንደ ጠረጴዛ ነው። ወደ ደቡብ ጫፍ ስንቃረብ ግን እዚህም እዚያም ጉብ ጉብ ማለት ጀመረ። «ተራራ!» ብለው ጮኹ እትዬ ሙሉ፤ ጸጥታውን ረስተውታል። እውነቱን ለመናገር እኛ አገር ይህን ማንም ተራራ አይለውም፤ ከብት ለማሰማሪያ የሚመረጥ ረጋ ያለ ዳገት ነው። ዓመታት ሜዳ ስናይ ለቆየን ግን ልብ የሚያስደነግጥ ነበር። ሁለታችንም መስኮቱ ላይ ተለጠፍን።

ጠንቃቃ ልሁንና ልናገር፤ ማስ የሚወለደው እዚህ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ከሌላ የኖራ ድንጋይ አምባ ይነሣል፣ ቤልጅግን ያቋርጣል፣ ከዚያ ነው ማስትሪኽት የሚደርሰው። አራት ቀን ላለው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ኮረብታ ሆዱ በሙሉ ዋሻ ነው፤ ሰዎች ለዘመናት ቢጫውን ድንጋይ በመጋዝ እየቆረጡ ቤት ሠርተውበታል። አስጎብኚው ፋኖስ ይዞ ከፊት ሄደ። ውስጡ እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን ተከናንበው አማተቡ።

«ይህ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ተጀምሮ የተተወ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ግድግዳውን ሲነኩት እጃቸው ነጭ ሆነ። ድንጋዩ ውስጥ ያሉትን ዛጎሎች አሳየኋቸው፤ ይህ ሁሉ ጥንት የባሕር ወለል እንደነበረ፣ ባሕሩ ሲሸሽ ዛጎሉና አሸዋው ድንጋይ ሆኖ እንደቀረ ነገርኳቸው። ስለ ውኃና ስለ ድንጋይ ሲሆን አላፍርም። በጥሞና ሰሙኝና «እንግዲያ ከባሕር ተነሥተን ነዋ ወደ ባሕር የምንሄደው!» አሉ። ፋኖሱ ባይኖር ኖሮ በደስታ የቀላ ፊቴን ማንም ባላየው ነበር።

ያደርንበት ቤት አንድ ቪም የሚባሉ ሽማግሌ እንግዳ የሚያሳርፉበት ነው፤ ከዚያው ቢጫ ድንጋይ የተሠራ። ለእራት ሾርባ ሰጡን፤ ከዚያ በአካባቢው የታወቀውን የቼሪ ኬክ ቆርሰው አቀረቡልን። ተሽቀዳድመን በላነው። «ልጨምርላችሁ?» ሲሉን ሁለታችንም በአንድ አፍ «አይ፣ በቃን» አልን። ቪም ትሪውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡ።

እትዬ ሙሉ ባዶውን ጠረጴዛ አዩት። «ወሰደው እኮ!»

«እዚህ ሠላሳ ዓመት ኖረው አልለመዱትም?»

«ቢሮ ሳጸዳ ማን ኬክ ቆርሶ ለመነኝና ልልመደው?»

ሐሙስ

ቁርስ ላይ ቪም እትዬ ሙሉን ፊት ለፊት አዩዋቸውና በደችኛ «ጉልበትዎ መጥፎ ነው። ትናንት ደረጃውን ሲወጡ ሰምቻለሁ። የት ነው የሚኖሩት?» አሏቸው።

«ሦስተኛ ፎቅ።»

«ለምን?»

እትዬ ሙሉ ሳቁና ተነሡ። ዕቃቸውን ሊያመጡ ሲሄዱ ቪም ወደ እኔ ዞሩ። እንግዳ ሰው እንዲህ ሲያፈጥብኝ አንገቴን እደፋለሁ። ግን ስለ ስሎተርቫርቱ ቤት፣ ስለ ሰኞው ቀነ ገደብ ነገርኳቸው። የማያውቁኝ ስለሆኑ መሰለኝ የቀለለኝ።

«እንዲሄዱ ትፈልጊያለሽ?»

«አልፈልግም።»

«ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኳቸውም።»

«እሳቸውስ መሄድ ይፈልጋሉ?»

«አላውቅም።»

«አልጠየቅሻቸውም!» ቪም ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «ሁለት ዓመት አንድ ቤት ኖራችሁ ስለ ምንድን ነው ታዲያ የምታወሩት?»

ብዙ ነገር እንደምናወራ ልነግራቸው ፈልጌ ነበር። የሚገርመው ከአፌ የወጣው «ስለ ወንዙ» የሚል ነው። በጣም ሳቁ፤ ቂም አልያዝኩባቸውም። ሲሸኙን የቀረውን ኬክ ሙሉውን ጠቅልለው ሰጡን፤ ማታ የእትዬ ሙሉ ዓይን እንዴት እንደተከተለው አይተው ኖሯል።

ማስ ከዚያ ወደ ሰሜን ይጎርፋል። በባቡርም በአውቶቡስም ተከተልነው፤ አንዴ በግራችን፣ አንዴ በቀኛችን ይወጣል። ጠጠር የወጣበት ቦታ ሁሉ ሐይቅ ሆኖ ጀልባ ሞልቶበታል። አዋሽ ክረምት ላይ ቡናማ ሆኖ ግንድ እያንከባለለ ነው የሚወርደው። ይሄኛው ሳር ዳር ዳሩን የተከረከመለት፣ የተቀጣ ተማሪ ይመስላል። እንዲህ ብዬ ስናገር እትዬ ሙሉ «ዝምተኛ ነው በይ እንጂ። ዝምተኛ ሁሉ የተቀጣ አይደለም» ብለው አርመውኛል።

ከሰዓት በኋላ ሰውና ብስክሌት ብቻ በምታሻግር ትንሽ ጀልባ ወንዙን ተሻገርን። ለዚያች ጀልባ ብዬ የአውቶቡሱን ሰዓት ሳላይ ቀረሁ። ማዶ ስንደርስ ሄዷል፤ የሚቀጥለው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እትዬ ሙሉ ግን ከውኃው ዳር እስከ ጎርፍ መከላከያው ግድብ አናት ያለውን ደረጃ ቀና ብለው አይተው «ጥሩ፣ እንቀመጥ» ብቻ አሉ። እዚያው ቆሎ እየቆረጠምን ሳለን አንዲት የቱታ ሱሪ የለበሰች ሴት ሣጥን ከጫነችበት መኪና ራሷን አውጥታ «ጠፋችሁ?» አለችን። ሪያ ትባላለች፤ ነጭ አስፓራጋስ የሚባል አትክልት እርሻ አላት። የመከሩ ወር ነበር። በሣጥኖቹ መካከል ተጠጋግተን ተቀመጥን። እትዬ ሙሉ ክዳኑን ከፈት አድርገው አዩ። ቀጥ ያለ፣ ነጭ፣ በእቅፍ በእቅፍ የታሰረ ነገር።

«ጧፍ ነው እንዴ?»

ሣጥን ሙሉ ጧፍ ነበር የሚመስለው። ለሪያ ስተረጉምላት መኪናዋን አቁማ ሳቀች። ከዚያ በቀጥታ ቤቷ ወሰደችን፤ «አውቶቡሱን ተዉት፣ ዛሬ ጧፍ ትበላላችሁ፣ እዚሁ ታድራላችሁ።»

ጧፉ ተቀቅሎ፣ ቅቤ ፈስሶበት፣ ከእንቁላል ጋር መጣ። በላዩ ላይ ግን ስስ ቀይ ሥጋ ተጥሏል። እትዬ ሙሉ ጎሸም አደረጉኝ።

«የእንትን ነው?»

«የእንትን ነው።»

«በያት እንግዲህ።»

ሰው ቤት ገብቼ የቀረበልኝን አልበላም ማለት ለእኔ ከፈተና ይከብዳል። እንዲያም ሆኖ «የአሳማ ሥጋ አንበላም» አልኳት። ሪያ «እሺ» ብላ በሹካ አንሥታ የራሷ ሳህን ላይ አደረገችው፤ በቃ። ይህን ያህል ቀላል እንደሆነ ሳውቅ ትንሽ ተናደድኩ። ያን ጊዜ ነው ዋናውንም ነገር በዚሁ አፌ ልናገረው ብዬ ወደ እትዬ ሙሉ የዞርኩት። እሳቸው ግን ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው እያሹ፣ እንዳላያቸው የጠረጴዛ ልብሱን አልብሰውታል። ተውኩት።

ዓርብ

ሪያ ማለዳ ጣቢያ አደረሰችን። ወንዙ ወደ ምዕራብ የሚታጠፍበትን ክፍል አልዋሽም፣ በባቡር አቋረጥነው። ዶርድሬኽት ከተማ ሳንደርስ ግን ባቡሩ ረጅም ድልድይ ላይ ወጣ። ሥሩ ያለው ውኃ በጣም ሰፊ ስለሆነ ዳርቻው ጭጋግ ይመስላል። አንድ የደበቅኩት ነገር ነበር። የማስ ውኃ የሚወርደው በዚህ በኩል ነው። ሮተርዳም ላይ «ማስ» ተብሎ የሚጠራው ወንዝ የሚበዛው ውኃው የራይን ነው፤ ሰው ከጥንት ጀምሮ ቦዩን ሲያዛውር ስሙ ቀርቶ ውኃው ተለወጠ። እትዬ ሙሉ «የእኔ ወንዝ» ሲሉ ሦስት ቀን እየሰማሁ ዝም ብያለሁ።

ከዶርድሬኽት ወደ ሮተርዳም የሚሄደው የውኃ አውቶቡስ ላይ ተሳፈርን። ነፋሱ ነጠላቸውን ሊወስደው ይታገላል፤ ጭነት የያዙ መርከቦች ጎናችንን እየታከኩ ያልፋሉ፤ እትዬ ሙሉ ለእያንዳንዱ መርከበኛ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እዚያ ላይ ተናዘዝኩ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህ ወንዝ ስሙ ነው እንጂ ማስ፣ ውኃው አብዛኛው የሌላ ወንዝ ነው።»

ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«ለእኔ ከመንግሥት ደብዳቤ የሚመጣው በማን ስም ነው?»

«በአያትዎ ስም።»

«ሜቭራው ተሰማ፣ ወይዘሮ ተሰማ ሲሉኝ ሠላሳ ዓመት ሆነኝ። አያቴ ተሰማ ሮተርዳምን በስም እንኳ አያውቁትም፤ ደብዳቤውን የምከፍተው ግን እኔ ነኝ። ይፍሰስ ዝም ብሎ።» ከዚያ ጠጋ አሉኝ። «ሦስት ቀን ይህን ነው ተሸክመሽ የከረምሽው?»

«አዎ» አልኩ። ግማሹ እውነት ነው።

ዙይድ ስንደርስ ወደ ማታ ነበር። ሁልጊዜ ደረጃው ሥር ስንደርስ እትዬ ሙሉ «ቅደሚ» ይሉኛል፤ እኔም እቀድማለሁ፤ ቤት ገብቼ ሻይ እስክጥድ ይደርሳሉ። የዚያን ዕለት ሁለቱንም ቦርሳ ይዤ ስለነበርና ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ያለና ጠባብ ስለሆነ ማለፍ አልቻልኩም። ቀደሙ። ሁለት ደረጃ እንደወጡ ቆሙ። ከዚያ ዞሩ፣ ተቀመጡ፣ በእጃቸው እየገፉ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ወጡ፤ ፊታቸው ወደ እኔ ነው። ዓይን ለዓይን ተያየን።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አልኩ።

«ቦርሳውን አደራ፤ የቪም ኬክ አለበት» አሉኝ።

ቅዳሜ

ሜትሮው እስከ ባሕሩ ዳር ይሄዳል። ይህን ለመተሐራ ሰው ብነግር አያምነኝም፤ ቲኬት መትቶ ባሕር! ሁክ ፋን ሆላንድ የመጨረሻው ጣቢያ ላይ ወርደን አሸዋው ላይ ወጣን። እትዬ ሙሉ ክንዴን ይዘዋል። በስተግራ ወንዙ፣ በድንጋይ ክምር መካከል፣ ሰፊና ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ፎቅ የሚያህሉ መርከቦች ይገቡበታል፣ ይወጡበታል። በስተቀኝ ራቅ ብሎ የዴን ሃግ ከተማ ሕንጻዎች ይታያሉ። ከፊት ግን ምንም የለም፤ ውኃ ብቻ።

አዋሽ ያልደረሰበት ቦታ ይሄ ነው። ካልሲዬን ሳላወልቅ ሮጥኩ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት።

«ጨው ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «እትዬ፣ ጨው ነው! ደረሰ!»

ጮክ ብዬ እንደተናገርኩ ያወቅኩት ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ዞር ሲሉ ነው። እትዬ ሙሉ እልልታቸውን ለቀቁት። ሰዎቹ ይበልጥ ዞሩ። እኔም አላፈርኩም። ተመልሼ መጥቼ፣ ከትንፋሼ ጋር እየታገልኩ፣ ሳልዘጋጅ ተናገርኩት።

«እትዬ፣ ይሂዱ።»

«የት?»

«ስሎተርቫርት።»

እልልታው ያለበት ፊታቸው ቀስ ብሎ ተለወጠ። «ሳራ ናት የላከችሽ?»

«ማንም አልላከኝም። ትናንት ደረጃው ላይ አየሁዎት።»

ዓይናቸውን ወደ ወንዙ መለሱ።

«አንቺስ?»

«እኔማ ክፍል እፈልጋለሁ።»

«ማንን ጠይቀሽ? ዳቦ ቤት ገብተሽ ደስ ያለሽን ጠቁሚ ሲሉሽ ቅርብ ያለውን ይዘሽ የምትወጪ ልጅ! አንቺን ሜዳ ላይ ጥዬ ልሂድ? ወር ሙሉ ለሳራ መልስ ያልሰጠሁት ለምን መሰለሽ?»

«ለእኔ ብለው ነው?»

«ለማን ልበል ታዲያ? የልጅ ልጄ ሁለት መንገድ አለፍ ብላ፣ ሊፍት ያለው ቤት ተዘጋጅቶልኝ፣ ደረጃ ናፍቆኝ ነው የተቀመጥኩት?»

ልቤ በአንድ ጊዜ ሞላም ጎደለም። «እኔ ደግሞ አራት ቀን ሙሉ አይሂዱብኝ ልልዎት ነበር፤ አፍሬ ነው።»

እትዬ ሙሉ አፈጠጡብኝ። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው አሸዋው ላይ ተቀመጡ፤ ሳቁ አላስቆማቸውም። «ይሉኝታ ይገድለን! ያ ቪም የሚሉት ሰውዬ ምን ይለን ነበር ቢሰማ!» እኔም ሳቅኩ፤ ትንሽም አለቀስኩ፤ ነፋሱ ስለሚነፍስ አይለይም።

ስልካቸውን አወጡና እዚያው ለሳራ ደወሉ። «እሺ በያቸው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ከወዲያ በኩል ጩኸት፣ ከዚያ ስልኩን የነጠቀች የስድስት ዓመቷ የሳራ ልጅ ኤደን መጣች።

«ኦማ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

«‹የሚመጡት› በይ!»

«ለማን? አንቺ ነሽ እኮ!»

እትዬ ሙሉ ስልኩን እያራቁ «ይህችን ማን ያስተምርልኛል? መሄዴ ግዴታ ነው» አሉኝ። ደስታቸውን ሊደብቁ ሞክረው አልቻሉም። ከዚያ ወደ እኔ ጣታቸውን ቀሰሩ። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ ማስታወቂያ ሲነገር፣ ተነሥተሽ ክፍል እፈልጋለሁ ትያለሽ። እኔ አልልልሽም። ሳትዪ ከቀረሽ ሰኞ ጠዋት ደውዬ ቤቱን እምቢ እላለሁ።»

ያሉትን የሚያደርጉ ሰው መሆናቸውን አውቃለሁ።

እሁድ

ይህ ቀን ከጉዞው ውጭ ነው፤ ግን ሳልጽፈው ብቀር ጉዞው አያልቅም። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ዳቦና ሻይ ተይዞ ሁሉም ያወራል። አስተባባሪው የልደቱን፣ የሐዘኑን፣ የጽዳቱን ተራ አነበቡ። «ሌላ ማስታወቂያ ያለው?» ሲሉ የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ተነሣሁ።

«ሰብለ እባላለሁ። ክፍል እፈልጋለሁ።»

ከኋላ ወንበር «አይሰማም!» የሚል ድምፅ መጣ። ዞሬ ሳላይ የማን እንደሆነ አውቄያለሁ። እንደገና አልኩት፤ በዚህኛው ጊዜ ጥግ ላይ የሚጫወቱት ሕፃናት እንኳ ዘወር አሉ።